የእቴቴ ቦገንቪላ

ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.

ለማከብርሽና ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? አንቺ ደሴ፣ እኔ ኮምቦልቻ ሆነን በመካከላችን የሐረጎ ዳገት ብቻ ቆሞ ሳለ ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ሳላሰማሽ መቆየቴን ስጽፈው እንኳ እጄ ይከብደኛል። እናትሽ፣ ጎረቤቴ እቴቴ ያረፉ ጊዜ ልጄን ለማሳከም አዲስ አበባ ነበርሁ፤ መርዶውን የሰማሁት የአርባ ቀን ሰደቃቸው ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ቶሎ መምጣት ሲገባኝ፣ ቀብር ሳልደርስና ለቅሶ ሳልቀመጥ አሁን በምን ፊቴ ልግባ እያልሁ ዛሬን ለነገ ሳሳድር፣ የዘገየሁበት ጊዜ ራሱ ሌላ እፍረት ሆነብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በዪኝ። አላህ ይዘንላቸው፤ በእኛም ወግ ነፍሳቸውን ይማር። ፊት ለፊት የምነግርሽ ብዙ አለኝ፤ ዛሬ ግን ጊዜ የማይሰጥ ጉዳይ ስለ ገጠመኝ ወደዚያው ልለፍ።

የእቴቴ ቦገንቪላ ካለበት ቦታ መነሣት አለበት።

ባለፈው ክረምት የወረደው ጎርፍ በመንገዱ በኩል ያለውን የድንጋይ አጥራችንን መሠረት ከሥር ቦርቡሮታል። አጥሩ ወደ ውጭ አዘንብሏል፤ በአንድ ቦታ ላይ ጣቴን የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። ያየልን ግንበኛ የትምህርት ቤት ልጆች በሥሩ ስለሚያልፉ ሌላ ዝናብ ሳይመጣበት ፈርሶ እንደ ገና መሠራት እንዳለበት ነግሮን፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሰኞ ሥራውን እንዲጀምር ተስማምተናል። እኔም ልከራከረው አልቻልሁም፤ ልጆቹን በየቀኑ ስለማያቸው እውነቱን እንደሆነ አውቃለሁ። አበባው ደግሞ፣ አንቺ እንደምታውቂው፣ ከአጥሩ ሥር የተተከለ፣ በአጥሩ ላይ የተንጠላጠለና ሥሩን በአጥሩ መሠረት ውስጥ የሰደደ ነው።

በ2003 ዓ.ም. ወደዚህ ቤት ስንገባ እቴቴ የእርሳስ ውፍረት ያላትን ስንዝር የምታህል ቁራጭ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘውልኝ የመጡበት ቀን ዛሬም በዓይኔ ላይ አለ። ሌላው ሰው ብርጭቆና ብርድ ልብስ ይዞ ሲመጣ፣ እሳቸው ያንን ደረቅ እንጨት የሚመስል ነገር በእጄ አስይዘው፣ ጠዋት ፀሐይ ቀድሞ የሚያርፍበት ቦታ የትኛው እንደሆነ ጠየቁኝ። አሁን ግንዱ የእኔን ክንድ ያህላል። ቦገንቪላ የሚለውን ስም አፋቸው እሺ ስለማይላቸው ‹‹ወረቀቴ›› ይሉት አልነበር? እኛም ቤት እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚያው ስም ነው፤ ትንሿ ልጄ ሌላ ስም ያለው አይመስላትም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ነው፤ አንድ ዘለላ ቆርጬ ከወረቀቱ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። በሦስቱ ወይን ጠጅ ቅጠሎች በእያንዳንዳቸው ላይ ከክብሪት እንጨት የማትበልጥ ቀጭን ቱቦ አለች፤ ጫፏ ላይ ነጭ ኮከብ መስላ ትከፈታለች። እውነተኛዋ አበባ እሷ እንደሆነች፣ እኛ አበባ የምንለው ቀለም ግን እሷን የከበባት ቅጠል ብቻ እንደሆነ መጀመሪያ ያሳዩን እቴቴ ናቸው። ከመጻሕፍት ሳይሆን በየቀኑ ስለሚያዩት ያወቁት ነበር። በቅርቡ ስለዚህ ተክል ሳነብ እሳቸው ቢሰሙት ብዬ የተመኘሁትን ነገር አገኘሁ። ስሙ የመጣው መርከቦቹን ይዞ ዓለምን ከዞረው ፈረንሳዊ ከቡገንቪል ሲሆን፣ ተክሉን እ.ኤ.አ. በ1767 በብራዚል አገር ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ የሰበሰበው ከመርከቦቹ በአንዱ የነበረው የዕፀዋት ሊቅ ኮመርሰን ነው። የኮመርሰን ረዳት ሆና የምትሠራው ዣን ባሬ የምትባል ሴት ነበረች፤ ሴት በባሕር ኃይል መርከብ መሳፈር የተከለከለ ስለነበር የወንድ ልብስ ለብሳ ተጓዘች፣ በኋላም ዓለምን በመዞር የመጀመሪያዋ ሴት እንደሆነች ታወቀላት። እቴቴ ይህን ቢሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ምን እንደሚሉ አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ።

ዘንድሮ ያበበውን ያህል ያበበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ከተማውን ለቅቀን ወጥተን በታኅሣሥ ስንመለስ፣ በሩ ተሰብሮ፣ ሂቢስከሱ ቅጠሉን ሁሉ አራግፎ፣ ግቢው አቧራ ለብሶ አገኘነው። ቦገንቪላው ግን አጥሩን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖት ነበር። ከአንድ ወር በላይ ጠብታ ውሃ የሰጠው ሰው የለም እኮ ብዬ ስደነግጥ፣ እቴቴ ከእናንተ በር ወጥተው መጥተው እጃቸውን በቅርንጫፉ ላይ እንዳኖሩ ብዙ ቆሙ። ምንም አልተናገሩም። ምክንያቱን ኋላ ላይ ተረዳሁት፤ ይህ ተክል መሬቱ ሲደርቅበትና ሌሊቱ ሲረዝም ቅጠል ማብዛቱን ትቶ ወደ አበባ ይዞራል። ውሃና ማዳበሪያ ሲበዛለት ደግሞ በአረንጓዴ ቅጠልና በእሾህ ብቻ ይወፍራል። እኔም አንድ ዓመት ለበቆሎ የተገዛ ዩሪያ ጨምሬለት ዓመቱን ሙሉ አንድ ዘለላ ሳላይ ቀርቻለሁ።

አንቺ ግን ይህን ትምህርት ከእኔ በፊት በቁጣ ተምረሽዋል። ማታ ማታ እቴቴ ሶላት ላይ ሳሉ በቲማቲም ጣሳ ውሃ እየቀዳሽ ‹‹ጠምቶታል›› ብለሽ የምታጠጪው አንቺ አልነበርሽም? ያንን ጣሳ ከዶሮው ቤት ጀርባ ትደብቂው እንደነበረ እቴቴ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ እኔ ነኝ የነገርኋቸው። ይህን ለዓመታት ይዤው ቆይቼ ዛሬ መናዘዜ ነው።

አሁን የምጽፈውን ልጽፈው ወይስ ልተወው እያልሁ ብዕሬን ሁለት ጊዜ አስቀምጬ ነበር። ምናልባት ሰምተሽ ይሆናል። የእናንተን ቤት የገዙት ሰዎች በመንገዱ በኩል ሱቅ ሲሠሩ እናቲቱን ቦገንቪላ ከነሥሯ ነቅለዋታል። የራሳቸው ግቢ ስለሆነ የምወቅሳቸው አይደለም፤ ግን ያን ቀን እቤት ብኖር ኖሮ ቢያንስ አንድ እቅፍ ቅርንጫፍ ለምኜ አወጣ ነበር። ስደርስ የቀረው ጉድጓዱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከእቴቴ እጅ የወጣ፣ እኔ የማውቀው አንድ ተክል ቢኖር ይህ የእኛው ነው፤ ያስጨነቀኝም ይኸው ነው።

እንዳይጠፋ በማለት አጥሩ ማዘንበሉን እንዳየሁ በነሐሴ አሥራ ሁለት ቁራጭ ተከልሁ፤ አፈሩ በዝናቡ እንደ ራሰ ስለነበር ሁሉም ከሥራቸው ጠቁረው በሰበሱ። በጥቅምት እንደ ገና ሃያ ቆረጥሁ። በዚህኛው ጊዜ ከቦርከና ወንዝ የመጣ አሸዋ ከአፈሩ ጋር እኩል ቀላቅዬ፣ የዘይት ጄሪካን ለሁለት ቆርጬና ከሥሩ በስቼ፣ ቅጠላቸውን አራግፌ በጥላ ሥር አቆምኋቸው፤ እርጥበቱ እንዳያመልጥም ስስ ፕላስቲክ አለበስኋቸው። በሦስተኛው ሳምንት አሥራ አራቱ ቅጠል አወጡ። ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም፤ ባለቤቴን ከሥራው ጠርቼ አሳየሁት። ግን ይህ ተክል አታላይ ነው፤ በግንዱ ውስጥ በቀረው ኃይል ሥር ሳያበጅ ቅጠል ያወጣል፣ ከዚያም ስንቁ ሲያልቅ በአንድ ሌሊት ይጠወልጋል። ስድስቱ እንደዚያ ሄዱብኝ። አንዱን ሥር አውጥቶ እንደሆነ ለማየት ጎትቼው፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑትን ሁለት ሥሮቹን በእጄ በጠስኋቸው፤ ያን ዕለት አለቀስሁ። አሁን ሰባት ቀርተዋል። ከእንግዲህ ራሳቸው አዲስ ቅርንጫፍ ገፍተው እስኪወጡ ድረስ አልነካቸውም።

ትልቁን ግን በቁራጭ ብቻ ልተካው ልቤ አልፈቀደም። እንደ ክንድ የወፈረ ግንድ ከነሥሩ ተነሥቶ ሲድን አይቻለሁ፣ ሲሞትም አይቻለሁ። የቦገንቪላ ሥር ቀጭንና ተሰባሪ ስለሆነ አፈሩ ከላዩ ከተራገፈ ብዙ ጊዜ አይመለስም። ስለዚህ በአንድ ቀን ነቅሎ ከመውሰድ ይልቅ በግቢው በኩል ከግንዱ አንድ ክንድ ርቄ ግማሽ ክብ ቦይ ቆፍሬ፣ በዚያ በኩል ያለውን ሥር በስለት ቆርጬ፣ ቦዩን በፍግና በአፈር መልሼ ሞልቼዋለሁ፤ ከመነሣቱ በፊት በተቆረጠው በኩል አዲስ ሥር እንዲያበቅል ነው። ይህን ካደረግሁ አሥር ቀን ሆኖኛል፤ እስካሁን ቅጠሉ አልጠወለገም። የሚያስፈራኝ ሌላኛው ወገን ነው። በዚያ በኩል ያለው ሥር ከድንጋዮቹ መካከል ስለገባ መቁረጫ የሚገባበት ቦታ የለም። ግንበኛውን አጥሩን ከሩቁ ጫፍ ጀምሮ እንዲያፈርስ፣ ተክሉ ጋ ሲደርስ ግን ዶማውን አስቀምጦ ድንጋዩን አንድ በአንድ በእጁ እንዲያነሣልኝ ለምኜው እሺ ብሎኛል። ያን ጊዜ ሥሩን የያዘውን አፈር በጆንያ ጠቅልለን፣ በገመድ አስረን፣ አራት ሰዎች ሆነን ወደ ወጥ ቤቱ ጎን እንጎትተዋለን፤ እዚያ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ፀሐይ አለ።

ከዚያ በፊት ግን መከርከም አለበት። የቀረው ሥር ያንን ሁሉ ቅርንጫፍ ማጠጣት ስለማይችል ሁለት ሦስተኛው መውረድ ይኖርበታል፤ እንደዚህ አጥሩን ሸፍኖ፣ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ እያየው ሳለ። አበባው የሚወጣው በአዲሱ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ ከዳነ መከርከሙ እንደማይጎዳው አውቃለሁ። ቢሆንም ትናንት መቀሱን ይዤ ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስት ጊዜ ተመለስሁ። የእቴቴ ነውና ያለ አንቺ ፈቃድ ልቆርጠው አልቻልሁም።

ለዚህ ነው የምለምንሽ። ከጥምቀት በፊት ባለው ቅዳሜ ውረጂ። በመጀመሪያ ያልተቀመጥሁትን ለቅሶ አብረን እንቀመጥ፤ ቡናው ይፈላል፣ ዱዓውንም ታደርጊልናለሽ። ከዚያ አንቺ የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ቁረጪ፣ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ። ‹‹አይነቀል፣ በቁራጮቹ ይተካ›› ብትዪም ቃልሽን እቀበላለሁ፤ ብቻ ቃሉ ከአንቺ ይምጣልኝ። ከሰባቱ ችግኞች ሦስቱ የአንቺ ናቸው። ደሴ ውርጩ ስለሚከብድ የመጀመሪያውን ዓመት በጄሪካኑ እንዳለ ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ጥግ አስቀምጠሽ፣ በታኅሣሥና በጥር ማታ ማታ ወደ በረንዳ ማስገባት ይኖርብሻል፤ ግንዱ ከወፈረ በኋላ ብርዱን ይችለዋል። ውሃ ግን፣ እባክሽ፣ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ስጪው። ጣሳውን እዚያው ተዪው።

ስለ ቀረው ሁሉ ስትመጪ እንጨዋወታለን። ልጄ ድናለች፤ ፍራንጂፓኒ የሚባለው አበባም ያዘልኝ፣ ማታ ማታ ሽታው እስከ መኝታ ቤት ይገባል።

እቴቴ ለዚህ ሥራ የሚይዙት፣ እጀታው በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለው ትልቁ መቀስ ከአንቺ ዘንድ ካለ ይዘሽው ነይ። የእኔው ደንዝዟል፤ የደነዘዘ መቀስ ግንዱን ይጨፈልቀዋል።

አክባሪሽና ናፋቂሽ እህትሽ