የተራዬ ዕለት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ሱቄን ዘግቼ በእግሬ ወጣሁ፤ ስመለስ የቀረልኝ ባዶ መደርደሪያ ነበር። እውነት ለመናገር ከፈጣሪ ጋር ተኳርፌ ነበር። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ ዝም ብዬ ቆሜ እመለሳለሁ።

ያን ሰሞን የጽዋ ማኅበራችን ተራ እኔ ላይ ወደቀ። ዳቦውን ከየት ላምጣው? ሙስሊሟ ጎረቤቴ እትዬ አንድ ቁና ዱቄት ላኩልኝ (ወሎ ነውና አይገርምም)። ማኅበርተኛው ከበላ በኋላ የተረፈውን ይዤ ደጀ ሰላም ለተቀመጡት ነዳያን ሳድል፣ አንዲት እናት እጄን ያዝ አድርገው «እኔስ ምን ልስጥህ፣ የክርስትና ስምህን ንገረኝና በጸሎት ላስብህ» አሉኝ። ስሜን ስነግራቸው እንባዬ መጣ። ኩርፊያው እዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ከማገኘው ላይ ትንሽ አነሳለሁ። ወንጌል ላይ ያቺ መበለት የሰጠችው ሁለት ሳንቲም ነው፣ እኛ ግን «ይትረፈንና» እያልን ስንት ዓመት ቆየን።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። አሁን አሁን አንድ ፌስታል መኮሮኒ ሰጥቶ የተቀባዩን ፊት በስልክ መቅረጽ በዝቷል። ቀኝህ ሲሰጥ ግራህ አይወቅ አልተባለም እንዴ? እባካችሁ ተዉት።

በዚህ ወር ተራው ደግሞ እኔው ጋ ነው። ለእትዬም ቁናቸውን ሞልቼ መልሻለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ