ለክረምቱ ትንሽ ሥራ ያዙ

ሰላም የኪሮሽ ወዳጆቼ! እንዴት ከረማችሁ?

ቅዳሜ ስንገናኝ ትልልቁን የአልጋ ልብስ እቤት ተዉትና ትንሽ ነገር ይዛችሁ ኑ። የሕፃን ኮፍያ፣ የስኒ ማስቀመጫ፣ ሻርፕ። ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ታክሲ ሰልፍ ላይም ይሠራል።

እኔ የትከሻ ሻርፕ ጀምሬያለሁ። ባለ ሦስት ማዕዘን ነው። ከጫፉ በጥቂት ዓይን (በኪሮሹ በምንስበው የክር ቀለበት) ይነሣል፤ ከዚያ በየመስመሩ ግራና ቀኝ አንዳንድ ዓይን መጨመር ብቻ። ስፋቱ ሲበቃችሁ ታቆማላችሁ። ብዙ መቁጠር የለውም፤ የምወደውም ለዚህ ነው። ከሥራ ደክሜ ስገባ ቡናው እስኪፈላ ሁለት መስመር እሠራለሁ። ትከሻዬ ሲላላ ይታወቀኛል።

እጃችሁ የሚያጠብቅ ከሆነ የኪሮሹን መርፌ በአንድ ቁጥር ወፈር ያለ አድርጉ፤ አለዚያ ሻርፑ ይደርቃል። ለጀማሪዎች ነጣ ያለ ክር ይሻላል፤ በጥቁር ክር ዓይኑ አይታይም። ክሩን ደግሞ የሚበቃችሁን ያህል በአንዴ ግዙ። አምና ጎድሎብኝ ስመለስ ቀለሙ ትንሽ ተለየብኝና ግማሹን ፈታሁት።

እናቶቻችሁ የሠሩት የድሮ ዳንቴል ካለ አምጡልን፣ የሬዲዮ ልብስም ቢሆን። ዓይኑን ቆጥረን እንማርበታለን።

ቡናው በእኔ ነው።