የኤሌክትሮኒክስ ክበብ የዓመቱ ሥራ፦ «መጀመሪያ ይሠራል ወይ?»

ዘንድሮ የትምህርት ቤታችን ክበብ የያዘው ሥራ አንድ ነው። ዕቃ ግምጃ ቤት አቧራ ሲጠጡ የኖሩትን አሮጌ ኮምፒውተሮች ፈታትቶ ወደ ገንዘብ መለወጥ። ገንዘቡ ተገኝቷል። የተገኘው ግን መጀመሪያ ካሰብንበት ቦታ አይደለም።

ዓመቱ ሲጀመር የአባላቱ ወሬ ሁሉ ወርቅ ነበር። ከማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ወርቅ ሲወጣ የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን አይተው ነው የመጡት። ወርቁ መኖሩ እውነት ነው። ራም የሚባለው የኮምፒውተር ማስታወሻ ጫፉ ላይ ያሉት ቢጫ ጥርሶች በወርቅ የተለበጡ ናቸው። ወርቅ አይዝግም፣ ኤሌክትሪክም በደንብ ያስተላልፋል። የቶኪዮ 2020 ኦሊምፒክ ሜዳሊያዎችም የተሠሩት ከሕዝብ ከተሰበሰቡ ያገለገሉ ስልኮችና ሌሎች ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች በወጣ ብረት ነው። ከተሰበሰበው መካከል ስልኩ ብቻ 6.21 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ከጠቅላላው የወጣው ወርቅ ደግሞ 32 ኪሎ ግራም ያህል። ሁለቱን ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና «አካፍሉ» አልኳቸው። ሌላውን ዕቃ ሁሉ ትተን ወርቁን ለስልኮቹ ብቻ ብናድለው እንኳ ለአንዱ የሚደርሰው 5 ሚሊግራም ገደማ ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ያችን ታህል ወርቅ ለማውጣት ደግሞ ኃይለኛ አሲድ ያስፈልጋል። ጭሱ ሳንባ ያቃጥላል፤ የተረፈው ፈሳሽ የፈሰሰበትን አፈርና ውኃ ይመርዛል። ስለዚህ የክበቡ የመጀመሪያ ደንብ ይህ ሆነ፦ አሲድ አንነካም፣ ሽቦም አናቃጥልም። መዳቡን ለማግኘት ብዙ ሰው የሽቦውን ፕላስቲክ ያቃጥላል። ከዚያ ጭስ ውስጥ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ አለ። በዚህ ደንብ ላይ ዓመቱን ሙሉ ከማንም ጋር አልተደራደርኩም፤ ወደፊትም አልደራደርም።

ታዲያ ገንዘቡ ከየት መጣ? ከሚሠሩ ዕቃዎች ነው። የሚሠራ ራም እንደ ራም ይሸጣል። የማይሠራው በኪሎ ይመዘናል። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የትየለሌ ነው። ለዚህ ነው አባላቱ ማንኛውንም ዕቃ ሲያነሡ «መጀመሪያ ይሠራል ወይ?» ማለት የለመዱት። አንድ ቀን አንድ ኮምፒውተር ጢጥ ጢጥ እያለ አልነሣ አለ። የሚበዙት «ሞቷል፣ በኪሎ ይሂድ» አሉ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን ራሙን ነቀለች። ቢጫዎቹን ጥርሶች በላጲስ ቀስ አድርጋ ፈተገች፣ ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ ጠረገች፣ ቀጭ እስኪል መልሳ ሰካችው። ኮምፒውተሩ ተነሣ። ጭብጨባው ጎረቤት ክፍል ድረስ ተሰምቷል።

የሚሠራውን ለይቶ ምልክት ማድረግም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ዲዲአር 3 የሚባለው የራም ትውልድ ዲዲአር 4 ቦታ ላይ አይገባም፤ ሁለቱን የሚለየው የጥርሱ መሐል ክፍተት ያለበት ቦታ ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር ደግሞ ቮልቱና አምፒሩ ተነቦ ካልተጻፈለት ገዢ አይደፍረውም። በደንብ የተጻፈበት ዕቃ ቶሎ ይሄዳል።

የማይሠራው በየዓይነቱ ተለየ። ዋናው መሣሪያችን ማግኔት ነበር። ማግኔት የሳበው ብረት ወደ አንድ ካርቶን፣ ያልሳበው አሉሚኒየምና መዳብ ለየብቻ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎቹ ደግሞ ለብቻቸው። ተደባልቆ የቀረበ ዕቃ ዋጋው የሚቆረጠው በርካሹ ነው። አሉሚኒየም ላይ የቀረች አንዲት የብረት ብሎን እንኳ ለገዢ ሰበብ ትሆናለች። ከመሸጣችን በፊት ሁሉንም ትምህርት ቤት ውስጥ መዝነን መዝገብ ላይ አሰፈርን። መመዝገባችን በጅቶናል፤ አንድ ገዢ ሚዛን ላይ የወጣው ኪሎ ከእኛ መዝገብ በጣም አንሶ ተገኘ። ገንዘብ ያዣችን መዝገቡን ከፍታ አሳየችው። ዕቃችንን ይዘን ወደ ሌላ ሄድን።

በጣም የምኮራበት ግን ፋይል የሚቀመጥበት የሃርድ ዲስኩ ሥራ ነው። ዕቃ ከሰጡን ሰዎች ብዙዎቹ «ሁሉንም አጥፍቼዋለሁ» ይላሉ። እውነት መስሏቸው ነው። ክበቡ በራሱ ፍላሽ ላይ የነበረውን የአባላቱን ፎቶ አጠፋን፣ ከዚያ በነፃ ፕሮግራም ፈለግነው። ፎቶው ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። ፋይል ማጥፋት ከመጽሐፍ ማውጫ ላይ ርዕስ እንደ መፋቅ ነው፤ ምዕራፉ እዚያው አለ። ስለዚህ የሚሠራውን ሃርድ ዲስክ ከዳር እስከ ዳር በላዩ ላይ ሌላ ነገር ጽፈንበት ነው የምንሸጠው። የማይሠራውን ፈትተን ፋይሉ የተጻፈባቸውን የውስጥ ሳህኖች እናበላሻለን። ኤስኤስዲ (ሳህን የሌለው አዲሱ ዓይነት ማከማቻ) አሠራሩ ስለሚለይ በላዩ መጻፍ አይበቃውም፤ የራሱ የማጥፊያ ትእዛዝ አለው፣ እሱን እንጠቀማለን። የሰው ደብዳቤና የቤተሰብ ፎቶ በእኛ እጅ አልፎ ባዕድ እጅ እንዳይገባ ማድረግ አደራ ነው። ልጆቹ ይህን ሳልነግራቸው ገብቷቸዋል።

ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ኤሌክትሪክ የሚመግበውን ሳጥን፣ አንከፍትም። ከሶኬት ተነቅሎ እንኳ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። ያበጠ ባትሪም አንነካም፣ አንወጋም።

ከሽያጩ በተገኘው ገንዘብ ካቻቢቴዎች፣ ጓንትና መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ገዝተናል። ቀሪው በክበቡ ሒሳብ ተቀምጧል። ያልሸጥነውም አለ። ከሦስት አራት ኮምፒውተር አንድ እያሟላን የገጣጠምናቸው ዛሬ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ናቸው። ሸጠናቸው ቢሆን ጥሩ ገንዘብ ያመጡ ነበር። እኔ ግን ከዓመቱ ውሳኔዎች ሁሉ ይህን እመርጣለሁ።

ያልተፈታው ጣጣ የድሮዎቹ ከኋላቸው ሆድ ያላቸው ስክሪኖች ናቸው። መስታወታቸው ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት አለ፤ ገዢ የለውም፣ መጣልም አይቻልም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጡት ዘገባ መሠረት በ2022 ዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተፈጥሯል። በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። የእኛዎቹ ስክሪኖች ለዚህ ሥራ ፈቃድ ያለው ድርጅት እስኪረከባቸው ድረስ ተቆልፎባቸው ይቆያሉ።

በሚቀጥለው ዓመትም ዕቃ እንቀበላለን። ስታመጡልን ቻርጀሩን አብራችሁ አምጡ፣ የምትፈልጉትን ፋይል አስቀድማችሁ ለራሳችሁ ገልብጡ። ባትሪው ያበጠ ላፕቶፕ ካላችሁ ግን በልጅ እጅ አትላኩት፤ መጀመሪያ እኔን አናግሩኝ።