ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን፦ እናቴን ማንም አልጠየቃትም

ለተከበራችሁ የባለስልጣኑ ኃላፊዎች፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ይሄን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው የስልክ ማስታወቂያ ሰውን ሳይጠይቅ በሕመሙ እየለየ ስለሚከተለው ነው፣ ነገሩ የኔ ቤት ብቻ አይደለም፣ ከጎረቤትም ከስራ ባልደረቦቼም ተመሳሳይ ነገር እየሰማሁ ነው።

እማዬ 61 ዓመቷ ነው። ስኳር እንዳለባት የታወቀው አምና ነው፣ ኪኒን ታዞላት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ስልኳን ተቀብዬ ስኳር ያለበት ሰው እንጀራ ስንት ይበላል፣ ድንች ይከለከላል ወይ ምናምን እያልኩ ስፈልግ ነበር፣ ከዛ በኋላ እሷም ራሷ ስለ ስኳር የሚያወሩ ቪዲዮዎች ማየት ጀመረች። ሳምንት ሳይሞላ ስልኳ በማስታወቂያ ተሞላ። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው፣ አረንጓዴ ዱቄት፣ ስኳርን ከስሩ ይነቅላል የሚል ጽሁፍ። አንዱን ስታልፈው ሌላው ይመጣል። ለማናችንም ሳትናገር በ3,500 ብር አዘዘች፣ ሞተረኛ ቤት ድረስ አመጣላት፣ ኪኒኗን አቆመች። ከሶስት ሳምንት በኋላ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይዘናት ስንገባ ስኳሯ ከ400 በላይ ነበር።

እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝ ዱቄቱን የሸጠላት ሰው ብቻ አይደለም። ሰውየው እማዬን በስምም በመልክም አያውቃትም። ታዲያ እንዴት አገኛት?

ቡስት የሚያደርጉ፣ ማለት ማህበራዊ ሚዲያ ላይ ከፍለው ማስታወቂያ የሚያሰራጩ ልጆች አውቃለሁ፣ ጠየቅኳቸው። ከተማ ይመርጣሉ፣ ዕድሜ ይመርጣሉ፣ ጾታ ይመርጣሉ፣ ዶላሩን ይከፍላሉ፣ የቀረውን ሲስተሙ ራሱ ነው የሚሰራው፣ መጀመሪያ ለተወሰነ ሰው ያሳይና ማን ቆም ብሎ እንዳየ፣ ማን እንደነካው እየተከታተለ ይማራል፣ ከዛ እነሱን የሚመስል ሌላ ሰው እየፈለገ ያሳያል። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በጃንዋሪ 2022 እ.ኤ.አ. አስተዋዋቂዎች ሰውን ከጤና ጋር በተያያዙ ርዕሶች እንዳይመርጡ ብሎ አንዳንድ ምርጫዎችን አንስቷል፣ የዓለም የስኳር ቀን የሚለው ራሱ ካነሳቸው ውስጥ ነበር። ጥሩ ነው፣ ግን የትኛውም የማህበራዊ ሚዲያ መድረክ ላይ ሲስተሙ ከሰው አነካክ የሚማር ከሆነ "ስኳር" የሚል ምርጫ መኖሩ ምን ያስፈልገዋል፣ ያመመው ሰው ቪዲዮው ላይ በቆየበት ሰከንድ ራሱን አስመዝግቦ ጨርሷል።

መረጃው ደግሞ ከአንድ አፕ ብቻ አይደለም የሚሰበሰበው። ብዙ ድረ ገጾች ውስጥ ፒክስል የሚባል ትንሽ ኮድ ተቀምጧል፣ አንተ ገጹን ስትከፍት እሱ ለማስታወቂያ ድርጅቱ እገሌ መጣ ብሎ ይነግራል። አንድሮይድ ስልክ ደግሞ የማስታወቂያ መለያ ቁጥር አለው፣ የተለያዩ አፖች በዛ ቁጥር አንድ ሰው መሆንህን ያውቃሉ። ይሄ ሁሉ የሚደረገው ገንዘቡ እዛ ስላለ ነው። ሜታ በ2023 እ.ኤ.አ. ካስገባው 134.9 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ 131.9 ቢሊዮኑ የማስታወቂያ ነው፣ የጉግል እናት ኩባንያ አልፋቤትም በዛው ዓመት ከ307 ቢሊዮን ዶላሩ ወደ 238 ቢሊዮን የሚሆነው ከማስታወቂያ ነው የመጣው። እኛ በነጻ ነው የምንጠቀመው ስንል የምንከፍለው በዚህ ነው።

ነጻ ካልኩ አይቀር፣ በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ማህበራዊ ሚዲያ ተገድቦ በነበረ ጊዜ ሁላችንም ያገኘነውን ነጻ ቪፒኤን፣ የተዘጋውን የሚያስከፍት አፕ፣ እየጫንን ነበር፣ እማዬ ስልክ ላይ ብቻ ሶስት አግኝቻለሁ፣ የማን እንደሆኑ ማንም አይቶ አልጫነም። ፌስቡክ በ2013 እ.ኤ.አ. የገዛው ኦናቮ የሚባል ቪፒኤን ነበረ፣ ሰው መረጃዬን ይጠብቅልኛል ብሎ ሲጭነው ኩባንያው በሱ በኩል ሰዎች የትኛውን አፕ ምን ያህል እንደሚከፍቱ ያይ ነበር፣ በኋላ በ2019 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ስለዚህ ኔትወርክ ሲዘጋ ሰዉ መረጃውን አሳልፎ ለመስጠት ይገፋል፣ ይሄንንም ከግል መረጃ ጥበቃ ጋር አያይዛችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ።

አሁን ወደናንተ ልምጣ። ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወት መከበርን ደንግጓል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጣ፣ ተቆጣጣሪ የተደረጋችሁት እናንተ ናችሁ፣ አዋጁ የጤና መረጃን ጥንቃቄ ከሚፈልጉት ውስጥ መድቦታል፣ የሰው ፈቃድ የሚባለውን ነገርም አስቀምጧል። ሳነበው ደስ ብሎኛል በእውነት። ግን እማዬን ማን ጠየቃት? እሺ የሚለውን የነካችው ስልኩ ተገዝቶ በተከፈተ ቀን ነው፣ በእንግሊዝኛ ነበር፣ እሷ እንግሊዝኛ አታነብም፣ እሺ ካላለች ደግሞ አፑ አይከፈትም። ይሄ ፈቃድ ከተባለ እኔ አልገባኝም።

መጠየቅ ቀላል ነገር ይመስላል፣ አይደለም። አፕል በኤፕሪል 2021 እ.ኤ.አ. አይፎን ላይ ይሄ አፕ በሌሎች አፖችና ድረ ገጾች ላይ እንዲከታተልህ ትፈቅዳለህ ወይ የሚል አንድ ጥያቄ እንዲመጣ አደረገ፣ ሜታ በዛ ለውጥ ብቻ በ2022 እ.ኤ.አ. ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያጣ ራሱ ተናግሯል። አንድ ጥያቄ ነው! ሰው በሚገባው ቋንቋ ሲጠየቅ አልፈልግም ይላል ማለት ነው። ኢትዮጵያ ትንሽ ገበያ ናት ማን ይሰማናል እንዳትሉ ደግሞ፣ ናይጄሪያ በጁላይ 2024 እ.ኤ.አ. ከተጠቃሚዎች መረጃ ጋር በተያያዘ ሜታ ላይ የ220 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጥላለች።

የምለምናችሁ ይሄን ነው። እዚህ አገር አገልግሎት የሚሰጥ አፕ ሁሉ፣ የኛዎቹ የታክሲውም የዴሊቨሪውም የብድሩም ጭምር፣ ፈቃድ ሲጠይቅ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ ሰው በሚያነበው ቋንቋ እንዲጠይቅ አድርጉ፣ አልፈልግም ያለ ሰውም አገልግሎቱን እንዳይከለከል። በጤና መረጃ ሰውን እየለየ የሚሄድ ማስታወቂያን ከምግብና መድኃኒት ባለስልጣን ጋር ሆናችሁ ያዙት፣ ምክንያቱም መድኃኒቱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ መረጃው ከየት መጣ ብሎ መድረኮቹን በሕግ መጠየቅ የምትችሉት ግን እናንተ ናችሁ፣ እኔ ብጽፍላቸው የሚመልስልኝ ማሽን ነው። ከሁሉ በላይ ግን አቤቱታ የሚቀበል አጭር ስልክ ቁጥር፣ በሬዲዮ የሚነገር፣ እማዬ ራሷ ደውላ በአፏ የምታስረዳበት።

እኔ የምችለውን አድርጌያለሁ። ስልኳ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ጉግል ከሚለው ስር ማስታወቂያ የሚለውን ከፍቼ መለያ ቁጥሩን አጥፍቻለሁ፣ ቪፒኤኖቹን አውጥቻለሁ፣ ኮንታክትና ሎኬሽን የማይመለከታቸውን አፖች ከልክያለሁ፣ ማስታወቂያው በመጣ ቁጥር ማየት አልፈልግም የሚለውን አሳይቻታለሁ። ይሄን የሚያደርግላት ልጅ አጠገቧ የሌላት እናት ግን ስንት ናት።

እማዬ አሁን ደህና ናት፣ ኪኒኗን ጠዋትና ማታ እየወሰደች ነው። ማስታወቂያው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፣ ባለፈው እሁድ ቡና ተፈልቶ ቁጭ ብለን እያለ ያው አረንጓዴ ዱቄት በሌላ ስም መጣ። ስክሪንሹት አንስቼዋለሁ፣ የገጹን ስምና ሰዓቱንም ጽፌ ይዣለሁ፣ ከበፊቶቹ ጋር 14 ሆነዋል። የትኛው ቢሮ፣ የትኛው መስኮት ላምጣላችሁ?

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የአዲስ አበባ ነዋሪ