ለእናትሽ ልቅሶ ያልደረስኩበት ምክንያት

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፤
ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ከተጻጻፍን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ወረቀት ባወጣሁ ቁጥር «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ከሚለው ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል፤ ለሌላው ሰው እንዲያ ብዬ እጽፋለሁ፣ አንቺን መዋሸት ግን አልሆነልኝም።

ባለፈው ጥር የእናትሽን ዕረፍት በሰማሁ ማግስት ገና ሳይነጋ ተሳፍሬ ነበር። ሌሊቱን የጀመረኝ ራስ ምታት በመንገድ ላይ ባሰብኝ፤ ከፊት የሚመጣው መኪና መብራት ቀኝ ዐይኔን ይወጋኝ ስለነበር ጫጫ ስንደርስ አውርዱኝ ብዬ ወረድኩ። ለሐዘን ያዘቀዘቅሁትን ነጠላ ግንባሬ ላይ ጠፍሬ፣ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ተቀምጬ ሲያስመልሰኝ ባለሱቋ በጣሳ ውሃ ይዛ ወጣች። ከዚያ ተመልሼ ሁለት ቀን በጨለማ ተኛሁ። ስነሣ ልቅሶው አልፎ ነበር፤ ምን ብዬ ልደውልልሽ?

ጨጓራዬን ከልጅነታችን ጀምሮ ታውቂዋለሽ። ማይግሬን የሚባለው ከባድ ራስ ምታት ሲጨመርበት ግን ሁለቱ ሕመሞች አንዱ ሌላውን ያስነሣ ጀመር፤ ለራስ ምታቱ ብዬ የምውጠው ዳይክሎፌናክ የሚባለው ማስታገሻ ጨጓራዬን ያቆስለዋል፣ ቃጠሎውን ፈርቼ ሳልበላ ስውል ደግሞ ባዶ ሆዴ ራስ ምታቱን ይቀሰቅሰዋል። አንድ ክሊኒክ ምንም ሳይመረምረኝ ለዓመታት የጨጓራ ሽሮፕ ብቻ እየሰጠ ይመልሰኝ ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በኋላ ያገኘኋት ሐኪም አስመርምራኝ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ተገኘብኝና ሁለት ዓይነት ፀረ ባክቴሪያ የጨጓራ አሲድ ከሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ጋር ለ14 ቀን ወሰድኩ፤ ቃጠሎው ባይጠፋም በጣም ቀለለልኝ። ማይግሬን ሲነሣ ጨጓራ ሥራውን ስለሚያዘገይ የተዋጠ ክኒን ቶሎ ላይሠራ እንደሚችል፣ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት ሲወሰድም ራሱ ራስ ምታት እንደሚያመጣ የነገረችኝ እርሷ ናት። እኔ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር መጠን እውጥ ነበር! ማስታገሻውን ሳቆም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጅግ ከባድ ነበሩ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሁዳዴን አለመጾሜ ነው። የንስሐ አባቴ ስለ ሕመሜ ሰምተው በጠዋት እንድቀምስ ፈቀዱልኝ። ቤተሰቡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾም እኔ ጓዳ ገብቼ የገብስ አጥሚቴን በጭልፋ ስቀዳ፣ ጭልፋው ድስቱን እንዳይነካና እንዳይሰማ እጠነቀቃለሁ። ማንም አልከለከለኝም፣ ግን እንዲያ አደርጋለሁ።

ለሙት ዓመቱ አንድ ቀን ቀደም ብዬ፣ ቁርሴን በልቼ፣ ውርጩ ሲለቅ ተሳፍሬ እመጣለሁ። ምናልባት ከተነሣብኝ የእናትሽን የውስጥ ክፍል መጋረጃውን ዘግተሽ ስጪኝ፤ ለሚጠይቅሽም «ታማ ነው» በይልኝ።

አብሮ አደግሽ