የኔ ወይፈን መቼ አረጀ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ሰሞኑን ስለ ፍሎራይድ፣ በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ስለሚገኘውና ሲበዛ ጥርስና አጥንት ስለሚጎዳው ንጥረ ነገር፣ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስላሉት ስለ ወንጂ፣ ስለ ዝዋይና ስለ አላባ ውሃ ያላችሁት ልክ ነው። እኔን ያናደደችኝ ስለ ከብት ጣል ያደረጋችኋት አንዲት አረፍተ ነገር ነች፦ የከብት ጥርስ በልዞ የሚያልቀው በእርጅና ነው የምትለው። ማን ነገራችሁ?

የምጽፈው ከወሎ፣ ከቃሉ ወረዳ ነው። እኛ ሰፈር ጥልቅ ጉድጓድ ከተቆፈረ ወዲህ ከብቶቹም የሚጠጡት ከዚያው ነው። በቅርቡ ባቲ፣ የሰኞ ገበያ፣ አንድ ወይፈን ይዤ ወጣሁ። ነጋዴው ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን አየና «ይሄማ ሽማግሌ ነው» ብሎ ዋጋውን ቆረጠው። ወላሂ አራት ዓመት አልሞላውም! የፊት ጥርሱ ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቶበት ግማሹ ተበልቷል። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ እንደ ሌላው ከብት አይምግም፣ እንደ ድመት በምላሱ ይልሳል። እናቱ ግን ስንት ጥጃ የወለደች ላም፣ ጥርሷ ነጭ። በእናንተ ስሌት እሷ ገና ኮረዳ ነች ማለት ነው።

ረጋ ብለን እናስበው። ፍሎራይድ ጥርስን የሚያበላሸው ጥርሱ ድድ ውስጥ ገና እየተሠራ ሳለ ነው። ላሟ ጥርሷን ለውጣ የጨረሰችው ጉድጓዱ ሳይቆፈር ነው፣ ወይፈኑ ግን ከጥጃነቱ ጀምሮ ያደገው በዚያ ውሃ ነው። እሷም ብትሆን አታመልጥም። ነገርየው አጥንት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሲቆይ እግር ያስራል፣ ያነክሳል፣ መብላት ሲያቅታት ወተቱም ይቀንሳል።

ውሃችን በፍሎራይድ ተበክሏል ብዬ አልምልም፣ ለክቶ የነገረን የለምና። ለሰው የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ይላል፣ የኛ ስንት ነው? ይህንኑ ልጠይቅ አንድ ቢሮ ብሄድ «ለበሬህ የጥርስ ሳሙና ግዛለት» ተብዬ ተስቆብኝ ተመለስኩ። እናንተ ደግሞ የፍሎራይድ ካርታችሁን መተሐራ ላይ አቆማችሁት። ስምጥ ሸለቆው እዚያ ሲደርስ መታወቂያ ተጠይቆ የተመለሰ ይመስል! ወደ አፋር ይዘልቃል እኮ፣ እኛም ጠርዙ ላይ ነን። እዚሁ እኛ ወረዳ፣ ሐርቡ ላይ ከመሬት የሚፈላውን ውሃ ማን የጣደው መሰላችሁ?

ማስተካከያ አውጡ። ወሎን ባትጨምሩ እንኳ ያቺን የእርጅና አረፍተ ነገር አንሷት። ነጋዴዎቹም ስልካቸው ላይ ያነቧችኋል፣ ቀጣዩ ገዢ እሷኑ እያሳየ እንዳይከራከረኝ።