የቸኮሌቱ መስቀለኛ ቃላት ለምን አልገጠመም?

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

በእሑድ እትማችሁ የመዝናኛ ገጽ ላይ «ቸኮሌት» በሚል ርዕስ የወጣው መስቀለኛ ቃላት ሐሳቡ ጥሩ ነው። አሠራሩ ግን ፈቺውን ባላጠፋው ጥፋት የሚያሳስት ነው። ሰሌዳው 15 በ15 ሆኖ ቤቶቹ ሁሉ በአግድምም በቁልቁልም እንዲነበቡ ታስቧል። እንዲህ ያለው ሰሌዳ 26 ፊደል ላለው እንግሊዝኛ የተበጀ ነው። እኛ ዘንድ 33ቱ ሆሄያት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እንደ ኳና ጓ ያሉትን ዲቃላዎች ሳንቆጥር። ስለዚህ ሁለት ቃላት በአንድ ቤት ላይ የሚገናኙበት ዕድል በጣም ጠባብ ነው። አዘጋጁ ሰሌዳውን ለመሙላት ሲል «ከረሜላ»ን በ«ካካዎ» መነሻ ላይ አቋርጦታል። አንዱ በግዕዝ ከ፣ ሌላው በራብዕ ካ ይጀምራል። ፈቺው የቱን ይጻፍ?

በአማርኛ የሚያዋጣው ትንሽ ሰሌዳ ነው፤ መገናኛዎቹም በተቻለ መጠን ሳድስ ይሁኑ። ብዙ ቃላችን በሳድስ ያልቃልና ት፣ ን፣ ር፣ ክ፣ ዝ ያለ ብዙ ድካም ይገኛሉ። የአንዱን ቃል መጨረሻ ከሌላው መጨረሻ ጋር ማጋጠም ከሁሉ ይቀላል። እንደ ኮና ሌ ያሉትን አስቸጋሪ ፊደላት መጀመሪያ አስቀምጦ የሚገናኛቸውን ቃል መፈለግ፣ ሳድሱን ደግሞ ለመጨረሻ ማቆየት ነው። ግማሽ ሰሌዳ ከሞላ በኋላ ለኮ ጓደኛ መፈለግ የተጀመረውን ከማፍረስ አይመለስም።

ለምሳሌ 6 ቤት ወርድና 7 ቤት ቁመት ያለው ሰሌዳ እንሥራ። «ቸኮሌት» በ5ኛው ረድፍ ከ3ኛው ዓምድ ተነሥቶ በአግድም ይጻፍ። «ሜክሲኮ» በ4ኛው ዓምድ ከ2ኛው ረድፍ ወርዳ ኮ ላይ ትገናኘዋለች። «ወተት» በ6ኛው ዓምድ ከ3ኛው ረድፍ ወርዶ ት ላይ ያርፋል። ከሌ ተነሥቶ «ሌማት» ወደ ታች ይወርዳል፤ በመጨረሻው ት ላይ «ዱቄት» በ7ኛው ረድፍ በአግድም መጥቶ ያልቃል። ወደ ላይ ስንመለስ «አዝቴክ» በ3ኛው ረድፍ ከመጀመሪያው ዓምድ ተነሥቶ የሜክሲኮን ክ ይጋራል፤ «ለውዝ» ደግሞ በ2ኛው ዓምድ ከላይኛው ረድፍ ወርዶ የአዝቴክን ዝ። ሰባት ቃላት፣ ስድስት መገናኛ፣ 18 ነጭ ቤት፣ 24 ጥቁር። ጥቁሩ በዛ የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን አንዱም ቤት አይዋሽም።

እዚህ ላይ «ካሜሩን»ን በሜክሲኮ ሜ ላይ ለማሳለፍ መፈተን ቀላል ነው፤ አገሪቱ ካካዎ ታመርታለች፣ ፊደሉም ይገጥማል። ቢሆንም አይሆንም። ን በወተት ራስ ላይ ተቀምጣ «ንወተት» ታስነብባለች፣ ካ በግራ ከለውዝ ው ጋር ትጣበቃለች፣ ከታችም ከአዝቴክ ቴ ጋር ተያይዛ «ካቴ» የሚባል ትርጉም የለሽ ቃል ትፈጥራለች። አዲስ ቃል ሲገባ መገናኛውን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቶቹን ሁሉ ማየት ያስፈልጋል። በእሑዱ ሰሌዳ ግራ ጥግ ላይ የታየው ትርምስ መነሻው ይኸው ነው።

ሌላው ጣጣ የአጻጻፍ ልዩነት ነው። ስኳርን «ስኩዋር»፣ ካካዎን «ኮኮዋ» ወይም «ካካኦ»፣ ቸኮሌትን «ቸኮላት» ብሎ የሚጽፍ አለ። በዚህ ላይ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ይጨመራሉ። ደንቡ አንድ ነው፦ ልቅ የሆነ ፊደል (ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ሊጻፍ የሚችል) በማያወላውል ቃል ይሻገር፤ ሁለት ልቅ ፊደላት ግን ፈጽሞ አይገናኙ። ከላይ ባለው ሰሌዳ «ቸኮላት» ብሎ የጀመረ ሰው «ሌማት» ያርመዋል፤ ሌማትን በላ የሚጽፍ የለምና። በእናንተ ሰሌዳ ግን «ፀሐይ» (የካካዎ ፍሬ ማድረቂያ ተብላ) ከ«ሐሩር» ጋር በሐ ላይ ተቋርጣለች። ሁለቱንም በሀ የጻፈ አንባቢ ሳይሳሳት ተሳስቷል።

ወደ ፍንጮቹ እንምጣ። «ቸኮሌትን የፈለሰፈች አገር» ተብሎ መልሱ ስዊዘርላንድ መሆኑ ልክ አይደለም። ካካዎን ፈጭተው በውኃ በጥብጠው ይጠጡ የነበሩት የጥንት የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ሕዝቦች ናቸው፤ የሚገመጠውን ጠጣር ቸኮሌት በብሪስቶል እንግሊዝ የፍራይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1847 ሠራ። ለስዊዘርላንድ የሚገባት ዳንኤል ፒተር በ1875 የሠራው የወተት ቸኮሌት ነው፤ ፍንጩ በዚህ ቢተካ ሰሌዳው ሳይነካ ይድናል። «ካካዎ የሌለበት ቸኮሌት» ለሚለውም «ነጭ» የሚለው መልስ ይቆይ፤ ፍንጩ ግን «የካካዎ ቅቤ እንጂ የካካዎ ዱቄት የሌለበት» ይባል።

ከሁሉ የከፋው «ቸኮሌት ሲቆይ የሚወጣበት ነጭ ነገር» ነው፤ መልሱ «ሻጋታ» ተብሏል። በደረቅ ቸኮሌት ውስጥ ለሻጋታ የሚበቃ እርጥበት የለም። ነጩ ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቸኮሌቱ ሙቀት አግኝቶ የካካዎ ቅቤው ሲላላና ተመልሶ ሲረጋ ወደ ላይ የሚወጣ ቅባት ነው፤ በጣት ሲያሹት ይቀልጣል። ሁለተኛው ከማቀዝቀዣ የወጣ ቸኮሌት ላይ ጤዛ ሲያርፍ ስኳሩ ሟሙቶ ሲደርቅ የሚቀር ነው፤ ይሻክራል እንጂ አይቀልጥም። ሁለቱም መልኩንና ልስላሴውን ያበላሹታል፣ ለጤና ግን አያሰጉም። ፍንጩን ያመነ አንባቢ ደህናውን ቸኮሌት ይጥላል። «በከረመ ዳቦ ላይ የሚበቅል» ቢባል በቂ ነበር።

ለትንሹ ሰሌዳ የሚሆኑ ፍንጮች እነሆ። አዝቴክ፦ የካካዎ ፍሬን እንደ ገንዘብ ይገበያይበት የነበረ ሕዝብ። ሜክሲኮ፦ የእነዚያው አገር፤ በአዲስ አበባ አደባባይ የተሰየመላት። ወተት፦ ፒተር ከቸኮሌት ጋር ያዋሐደው። ዱቄት፦ እ.ኤ.አ. በ1828 ፓተንት ባገኘው የሆላንዳዊው ቫን ሁተን መጭመቂያ ቅቤው ከወጣለት ካካዎ የሚፈጨው። ለውዝ፦ ቅቤው ዳቦ ላይ ይቀባል። ሌማት፦ እንጀራ ይቀመጥበታል፣ «ትሩፋት» ይከተለዋል። «ሲሞቅ ይቀልጣል» የሚለው ለቸኮሌት አይበቃም፤ ሰምም ቅቤም ይቀልጣሉ። ወርቁ ከአንድ በላይ የሆነ ፍንጭ ለቅኔ እንጂ ለመስቀለኛ ቃላት አይመችም።

የፊታችን እሑድ መልሱን ስታትሙ የሦስቱን ፍንጮች ማረሚያ አብራችሁ አውጡ፤ በሐና በሀ፣ በኳና በኩዋ የጻፉትም ትክክል መሆናቸውን ከሰሌዳው ሥር በአንድ መስመር ግለጹ። የቤቶቹም ስፋት ቢያንስ 8 ሚሊሜትር ይሁን፤ ባለፈው ጠባብ ቤት ውስጥ በእስክሪብቶ የተጻፈ ሌ ከለ አይለይም።

ከአክብሮት ጋር፣
የመስቀለኛ ቃላት አዘጋጆች
አዲስ አበባ